ሐረር ደህና የነበረ ኮምፒውተር ድሬ ሲወርድ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው፦ «ሰላም ወንድሜ። የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ሐረር ስሠራ ቆይቼ ጥር ላይ ወደ ድሬዳዋ ወርጃለሁ። የምሠራበት ክፍል ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ኮምፒውተሬ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ በኋላ ግራፊክስ ካርድ ጨመርኩበት። ሐረር እያለሁ ምንም ብሎኝ አያውቅም። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ ሬንደር (ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ወደ ያለቀ ፋይል መለወጥ) ስጀምር ፋኑ ይጮኻል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። አንዱ ክዳኑን ከፍተህ ቬንትሌተር ደግንበት አለኝ። ሌላው በውሃ የሚቀዘቅዘውን ግዛ ይለኛል። ሠርግ ተደራርቦብኛል፣ ምን ላድርግ?»

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ድሬ በደህና መጣህ። ደንገጎን ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሹራቡን መንገድ ላይ ያወልቃል። ኮምፒውተርህ ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም። ሐረር ያወጣ የነበረውን ሙቀት እዚህም ያወጣል፤ የተለወጠው የሚተነፍሰው አየር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፋን ብርድ አይፈጥርም። ሥራው ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ላይ የተጠራቀመውን ሙቀት በክፍሉ አየር እየጠረገ ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ጥሩ ፋን ቢኖረው ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ሁልጊዜ ከክፍሉ ሙቀት የተወሰነ ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሥራው አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ደግሞ ያ ልዩነት ብዙም አይለዋወጥም። ክፍሉ 24 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ሬንደር ላይ 76 ደርሶ ነበር እንበል። ልዩነቱ 52 ነው። ያንኑ ማሽን 38 ዲግሪ የሆነ ክፍል ውስጥ አስነሣው፤ 38 ሲደመር 52፣ 90 ይመጣል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ክፍሉ ነው የተቀየረው።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ ነች። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ከቀትር በኋላ በጥላ ሥር 35 ዲግሪ ብታገኝ ማንም አይገረምም። ሐረር በዚያው ሰዓት ብዙ ጊዜ ከ30 በታች ነች። ይሄ የውጭው አየር ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ከውጭው ይብሳል፣ ውስጡ ቁጭ ስላልክ አንተው ታውቀዋለህ። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ከሶኬት የሚስበው ኃይል በሙሉ፣ አንዷም ዋት ሳትቀር፣ መጨረሻ ላይ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይለቀቃል። ሬንደር ላይ 200 ዋት የሚበላ ማሽን 200 ዋት ማሞቂያ ነው። አቧራ እንዳይገባ ብለህ በሩንም መስኮቱንም ከዘጋህ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል።

(እግረ መንገዴን፦ የሐረር አየር በከፍታው ምክንያት ከድሬው ትንሽ የሳሳ ነው፤ እና በዚህ በኩል ፋን እዚያ ትንሽ ይቸገራል። ግን ብርዱ ከነትርፉ ያካክሰዋል።)

እና ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ያንን ልዩነት ለካው። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ተራ ቴርሞሜትር ግዛ፣ ሙቀት የሚያሳይ ሰዓትም ይሆናል። ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) ላይ አታስቀምጠው፤ አየር ከሚስብበት ከፊት ለፊቱ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገህ አኑረው። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ኤችደብሊው ሞኒተር ወይም ኮር ቴምፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ፕሮጀክት ለግማሽ ሰዓት ሬንደር አድርግና ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ያንኑ ፕሮጀክት ድገመው።

ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ላይ የክፍሉን ቀንስ። ጠዋትና ከሰዓት የምታገኘው ልዩነት ተቀራራቢ ከሆነና ከ55 ካልዘለለ ማሽኑ ደህና ነው፣ በሽተኛው ክፍሉ ነው። ልዩነቱ ራሱ ከ60 ካለፈ ግን ክፍሉን ብቻ አትውቀስ፤ አቧራ፣ የላላ ሂት ሲንክ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን የሚስበው ባለ ቅጠል ብረት) ወይም በሁለቱ መሃል የሚቀባው ፔስት ደርቆ ይሆናል። ሥራ ፈቶ ዴስክቶፑ ላይ ቆሞ እያለ እንኳ ከክፍሉ 30 ዲግሪ ከበለጠ ሂት ሲንኩ በትክክል አልተቀመጠም ብዬ ነው የምጠረጥረው። እነዚህ ቁጥሮች ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ለሚመጣው ተራ ፋን የምጠቀምባቸው ናቸው። ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው ማሽን ከዚህ በጣም ያነሰ ማሳየት አለበት።

አሁን «ድርግም ብሎ ይጠፋል» ወዳልከው ልምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የአንተ ዓይነቱ ፕሮሰሰር ሲሞቅ ወዲያው አይጠፋም። 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሬንደሩ ይንቀራፈፋል፣ ፋኑ ይጮኻል። ራሱን አዘግይቶም ካልበረደ ነው መጨረሻ ላይ የሚያጠፋው። ስለዚህ ከተንቀራፈፈ በኋላ፣ ከሩብ ሰዓት ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ገና 75 ላይ እያለ፣ ሳይንቀራፈፍ፣ ሬንደሩ በተጀመረ በደቂቃ ውስጥ ቀጥ የሚል ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሣጥን፣ እይ።

ምክንያቴን ልንገርህ። ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት ፓወር ሰፕላይ ከ240 እስከ 320 ዋት ነው። ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ይበቃል። አንተ ግን ግራፊክስ ካርድ ጨምረህበታል። ሬንደር ስትጀምር ፕሮሰሰሩም ካርዱም አንድ ላይ ይስባሉ። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በሙቀት ጊዜ የመስጠት አቅሙ ይቀንሳል፤ ሐረር ላይ እየተንገዳገደም ቢሆን የቻለው እዚህ ላይ እጅ ይሰጣል። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፣ ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፏል። ካርድህ ደግሞ ስንት እንደሚፈልግ ስሙን ጽፈህ ብትፈልግ ታገኛለህ። ካልተመጣጠኑ የቱንም ያህል ብታቀዘቅዘው መጥፋቱ አይቀርም። እና እባክህ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ከፍተህ ለማጽዳት አትሞክር። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚሰነብት ኤሌክትሪክ አለ። ከውጭ በቀዳዳው አቧራውን ማራገፍ ይበቃል።

ወደ ማጽዳቱ። የድሬ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ከአሸዋው ጋር ነፋስ የሚያነሣው የትም ይገባል። ሐረር ላይ በዓመት አንዴ ብታጸዳ ይበቃህ ይሆናል። እዚህ በየሦስት ወሩ ክፈተው፣ ሳቢያን ኮብልስቶን ካልገባበት መንገድ ዳር ከሆንክ ቶሎ ቶሎ።

ሶኬቱን ንቀል። ከነቀልክ በኋላ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ቆይ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ውጭ በረንዳ ላይ አውጣው። ክዳኑን ስትከፍት ፋኑ ክንፎች ላይ ያለውን አቧራ ታያለህ፣ ያንን ጠርገህ «ጸዳ» ብለህ እንዳትዘጋው። ዋናው ያለው ከፋኑ ሥር ነው። ፋኑን ከሂት ሲንኩ ላይ ፈትተህ አንሣው። ፋኑ አየሩን ቁልቁል በአሉሚኒየሙ ቅጠሎች መሃል ስለሚገፋው አቧራው ከቅጠሎቹ አናት ላይ ተጋግሮ፣ በጣትህ ጫፍ ይዘህ እንደ ጨርቅ ገፍፈህ የምታነሣው ድርብርብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከላይ ስታየው አይታይም። አየር አላሳልፍ ያለው እሱ ነው። እሱ ሲነሣ ብቻውን ከ10 ዲግሪ በላይ ሊቀንስልህ ይችላል።

በለስላሳ የቀለም ብሩሽና በእጅ ብሎወር አጽዳ። ስትነፋ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዘው፤ በነፋሱ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕሬሰር አታስነፋው። የጎማው ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይተፋል፣ ግፊቱም ለማዘርቦርድ (ሁሉም ነገር ለሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) አይሆንም። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ብዙ ጊዜም ምንም አይሆንም። አንድ ቀን ግን ይሆናል።

ክፍት እያለ ሌላም ነገር እይልኝ። ኮምፒውተሩ ከሐረር የወረደው በመኪና ነው አይደል? ሂት ሲንኩን በሁለት ጣት ይዘህ ቀስ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው። መነቃነቅ የለበትም። በአራት ፕላስቲክ እግር የተያዘው ዓይነት ከሆነ በጉዞ ንቅናቄ አንዷ እግር ብቅ ልትል ትችላለች፤ ያኔ ሂት ሲንኩ በአንድ ጎን ከፕሮሰሰሩ ይነሣና ማሽኑ ያለ ምክንያት የሚግል ይመስልሃል። እግሮቹን ስትመልስ ትይዩ ሳይሆን ሰያፍ ተራ ያዝ፤ አንዷን ተጫን፣ ከዚያ በማዕዘን ከእሷ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ከዚያ ሌሎቹን ሁለት። እያንዳንዷ «ቀጭ» ማለት አለባት። ካላለች አልገባችም። በብሎን የተያዘ ከሆነ ደግሞ ብሎኖቹን በዚያው በሰያፍ ቅደም ተከተል፣ አንዱን ጨርሰህ ሳታጠብቅ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቃቸው።

ሂት ሲንኩን ጨርሰህ ካነሣኸው ፔስቱን መቀየር ግዴታ ነው፤ አሮጌው ላይ መልሰህ አትክደነው። ያገለገለ ማሽን ስለሆነ ፔስቱ ከፋብሪካ የወጣበት ሊሆን ይችላል፣ ማለትም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ። ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ከፋርማሲ አልኮል ግዛና በንጹሕ ጨርቅ ሁለቱንም ፊት አጽዳ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። ከአተር ያነሰች ጠብታ መሃል ላይ አድርግና ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርገህ አውርድበት። በጣትህ አትለቅልቀው። ብዙ ማድረግ አይጠቅምም፤ የፔስቱ ሥራ በሁለቱ ብረት መሃል ያለችውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። በጥርስ ሳሙና መተካት ይቻላል የሚሉህን አትስማቸው። ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

አሁን ክዳኑን ክፈተው ስላሉህ። ለምርመራ ጥሩ ነው። ክዳኑን ከፍተህ ሬንደር አድርግ፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከወረደ ኬዙ አየር እያጣ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ግን ክፍት አድርጎ መተው አይደለም፤ አቧራው በወር ውስጥ ያጠቃዋል፣ ድመትም ሕፃንም ቤት ውስጥ አለ። መፍትሔው ፋን መጨመር ነው። የቢሮ ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ከኋላ አንድ ፋን ብቻ ነው ያለው። ፊት ለፊት ታች ላይ ቦታ ካለው አየር የሚያስገባ አንድ ፋን ጨምር። አቅጣጫውን እንዳትገለብጠው፤ ሞተሩን የሚይዙት ማገሮች ያሉበት ወገን አየሩ የሚወጣበት ነው። ከፊት ይገባል፣ ከኋላና ከላይ ይወጣል። ሁለቱም የሚያስወጡ ከሆኑ ኬዙ አየሩን በየስንጥቁ ይስባል፣ ከነአቧራው። ፊት ለፊቱ ላይ ስስ መረብ ብታደርግ አይከፋም፣ በየሳምንቱ የምታራግፈው ከሆነ። የማታራግፈው ከሆነ አታድርገው፤ የተደፈነ መረብ ከአቧራው ይብሳል።

ቬንትሌተሩስ? እሱም አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ክፍሉ 38 ከሆነ 38 ዲግሪ አየር ነው የሚነፋብህ። አንተን የሚያቀዘቅዝህ ላብህን ስለሚያደርቅልህ ነው፤ ኮምፒውተር ላብ የለውም። ቬንትሌተሩን ማሽኑ ላይ ከመደገን መስኮት ላይ አድርገህ የክፍሉን ግለት ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ብታዞረው ይሻላል፤ ጥላ ካለበት በር በኩል አዲስ አየር ይገባል።

ክፍሉ ላይ የምታደርገው ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያዋጣህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኮርኒስ አሠራ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራይህን አነጋግር፣ እስከዚያ ከጣሪያው ሥር ነጭ ሸራ ወጥረህ ከቆርቆሮው ጋር ክፍተት እንዲኖረው አድርግ። የምዕራቡን መስኮት ከውጭ በኩል አጥላው፤ ከውስጥ መጋረጃ ማድረግ ፀሐዩ ከገባ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ሳጥን ውስጥ አውጣው። እነዚያ በር ያላቸው የኮምፒውተር ጠረጴዛዎች የተሠሩት ለእይታ ነው፤ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ከፊት ይገባል። ከግድግዳው ቢያንስ 15 ሳንቲም አርቀው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከቆርቆሮ ሥር ዝቅ ያለ ቦታ ይሻላል፣ መሬት ላይ ግን አቧራ ይስባል። አንድ ብሎኬት ላይ አስቀምጠው።

ዳንቴልም ካለበት አንሣው። ኬዝ ላይ ዳንቴል አልብሶ አናቱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ማኖር የተለመደ ነው፣ ያምራልም። ግን የአየር መውጫውን ይደፍናል። ሞኒተሩ ላይም ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳትገዛ የምታደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሬንደሩን ወደ ሌሊት ማዛወር። ቀን ቁረጥ፣ አቀናብር፣ ቀለም አስተካክል፤ እነዚህ ፕሮሰሰሩን ያን ያህል አያሠሩትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሬንደሩን በተራ ደርድርና ተኛ። ድሬ ከቀትር በኋላ ማረፍን ድሮም ታውቅበታለች፤ ማሽንህም ይልመደው። ሌሊትና ከሰዓት በኋላ መሃል ያለው የክፍሉ ሙቀት ልዩነት ማንኛውም ገዝተህ የምትጨምረው ፋን ከሚሰጥህ በላይ ነው።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። የኃይል አጠቃቀም ምርጫዎች ውስጥ ግባ፣ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደው። አንዷ በመቶ ቀልድ ትመስላለች። ነገር ግን ከ100 ስትወርድ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበትን ቱርቦ የሚባለውን ነገር ያቆማል፣ ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል። በሙቀት ምክንያት ራሱን እያዘገየ ከሚሠራ ማሽን ግን አይብስም፣ እንዲያውም ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ሙቀቱ ሲበርድ መልሰህ 100 አድርገው።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው) ካለህ ስለሱም አንድ ነገር ልበል፣ ሳትጠይቀኝ። ውስጡ ያለው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው የሚሰላው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ነው የሚገመተው። 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሊሠራ የሚገባው ሁለት ዓመት ቢሠራ ነው። ሻጩን ከመውቀስህ በፊት ያለበትን ቦታ እይ። ከኮምፒውተሩ ኋላ፣ ትኩስ አየር በሚወጣበት፣ እንዳታስቀምጠው። መሬት ላይ፣ ጥላ ባለበት ጥግ ይሁን። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮችም እንዲሁ ሙቀት ዕድሜያቸውን ይበላዋል። ስታጸዳ አናታቸው አብጦ ካየህ ለባለሙያ አሳይ፣ ማሽኑም መጥፋቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ዶክመንቶችህን የያዘው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከ50 ዲግሪ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያው ፕሮግራም ያሳይሃል። የሙሽሮቹን ቪዲዮ ሌላ ዲስክ ላይ ሳትገለብጥ አንድም ሌሊት አትደር።

በውሃ የሚቀዘቅዘውን አትግዛ። እሱም ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በዚያው በክፍሉ አየር ነው፤ 38 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከ38 በታች አይወርድም። ለአንተ ዓይነቱ ፕሮሰሰር ትርፉ ጥቂት ዲግሪ ነው፤ በምትኩ የሚበላሽ ፓምፕ ይጨመርብሃል፣ የቢሮ ኬዝ ውስጥ ራዲያተሩን የምታስቀምጥበት ቦታም አታገኝ ይሆናል። በዚያ ገንዘብ በቂ ዋት ያለው ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ የፊት ፋንና አንድ ቱቦ ፔስት ግዛ። ግን የቢሮ ዴስክቶፖች የፓወር ሰፕላይ መሰኪያቸው የራሳቸው ቅርጽ ሊኖረው ስለሚችል ከመግዛትህ በፊት አሮጌውን ነቅለህ ይዘህ ሂድ፣ አስተያይተህ ውሰድ። የተረፈህን ኮርኒሱ ላይ አውለው።